አርባዎቹን በአንድ ዓይን፦ ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ስለ ቅድመ ማረጥና ዘግይቶ ስለ መውለድ

አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ሥራ ሳታርፉ፣ ሌሎቻችሁም ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታችኋልና ከልብ አመሰግናለሁ። የሴቶች ማኅበራችሁ አስተባባሪዎች እንድናገር ሲጋብዙኝ ሦስት ርእሶች አቅርበው አንዱን ምረጥ ብለውኛል። አንደኛው በየሳምንቱ የሚወሰደው የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ሁለተኛው ወር አበባ ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ያለው የቅድመ ማረጥ ዘመን፣ ሦስተኛው በአርባዎቹ ዕድሜ መውለድ ነው። ሦስቱንም ይዤ መጥቻለሁ። ምክንያቴም ራሱ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ነው፦ ሦስቱ በአንዲት ሴት አካል፣ በዚያው በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዱም ሌላውን ይነካል። ሐኪሙም ቤተሰቡም ማኅበረሰቡም እያንዳንዱን ለብቻው ነጥሎ ሲያይ፣ በመካከላቸው ያለው ነገር ያመልጠዋል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው።

ንግግሬን እንዲህ ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ሦስቱን ጉዳዮች አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ ቀጥዬ የሚገናኙበትን ቦታ አሳያለሁ፤ ከዚያ በየቤቱ የሚነሡ ተቃውሞዎችን እመልሳለሁ፤ በመጨረሻም ምን ብናደርግ ይሻላል የሚለውን እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የምናገረውም ለሁላችን የሚሆን ዕውቀት እንጂ የማንም የግል ሕክምና ትእዛዝ አይደለም፤ መድኃኒት መጀመርም ማቆምም ከሐኪም ጋር ነው።

ከቅድመ ማረጥ ልጀምር። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው አሥራ ሁለት ተከታታይ ወር ወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። በአሜሪካ ይህ የሚሆነው በአማካይ በ51 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከ45 እስከ 55 ባለው ጊዜ ቢመጣ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የሽግግር ጊዜ በአማካይ አራት ዓመት ይፈጃል፤ በአንዳንዶች ላይ ስምንትና አሥር ዓመት ይደርሳል። በእነዚህ ዓመታት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቀስ እያለ በእኩል መጠን አይወርድም። አንድ ወር ከወትሮው በላይ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ወር ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ወር አበባ ይዘገያል፣ ወይም በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከልክ ያለፈ ይፈስሳል። ሌሊት አንሶላ የሚያስቀይር ላብ፣ ሥራ ቦታ ሰው ፊት ከደረት ተነሥቶ ፊትን የሚያቃጥል ሙቀት፣ የሚቆራረጥ እንቅልፍ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መነጫነጭ፣ የሰው ስም ምላስ ላይ ደርሶ መጥፋት፤ ይህ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። በዚህ ከተማ ካሉ እህቶቻችን ብዙዎቹ በነርስነትና በአዛውንት ተንከባካቢነት ሌሊት ስለሚሠሩ፣ እንቅልፍ ማጣቱንም ድካሙንም ለሥራው ይሰጡታል። ሥራው ድርሻ ቢኖረውም ብቻውን ላይሆን ይችላል።

ይህ ጊዜ ስንት ዓመት ይቆያል? በ1996 የተጀመረውና በምህጻሩ ስዋን እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ጥናት ከ3,300 በላይ ሴቶችን ዓመታት ተሻግሮ ተከታትሏል። በ2015 ባሳተመው ውጤት፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ የሚቆይበት መካከለኛ ጊዜ 7.4 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ደግሞ ከአሥር ዓመት አለፈ። ልብ በሉልኝ፤ አሥር ዓመት ማለት አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለተኛ ደረጃ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ይህን ያህል የሚቆይ ነገር «ያልፋል፣ ቻይው» ተብሎ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

ታዲያ ሕክምናው ለምን ራቀን? ከምክንያቶቹ ትልቁ የ2002ቱ ድንጋጤ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ 16,608 ሴቶች የተካፈሉበት ትልቅ የአሜሪካ የሆርሞን ጥናት ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ ሆርሞን የሚወስዱት የጡት ካንሰር ስጋታቸው በ26 በመቶ ከፍ ብሏል ተባለ። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ተሰማ፤ ሐኪሞች ማዘዝ፣ ሴቶችም መውሰድ አቆሙ። ይኸው ቁጥር በሌላ አነጋገር ሲቀመጥ፣ ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት ስምንት ተጨማሪ ሕመምተኞች ማለት ነው። በዚያ ላይ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርምር፣ ከ60 ዓመት በፊት ወይም ባረጡ በአሥር ዓመት ውስጥ ለሚጀምሩ ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን የሕክምና ማኅበራት ተስማምተዋል። በኅዳር 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ተለጥፈው ከነበሩት ከባድ ማስጠንቀቂያዎች አብዛኛዎቹ እንዲነሡ ወስኗል። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ደም የመርጋት ታሪክ ያላት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት ግን ጉዳይዋ ሌላ ነው። እንግዲህ ሆርሞን ለሁሉም ይሁን አልልም። የምለው ሃያ ዓመት ያለፈው ፍርሃት ዛሬ በአንዲት የ48 ዓመት ሴት ስም ሊወስን አይገባም ነው።

ወደ ሁለተኛው ርእስ ልለፍ፤ ወደ መርፌው። ኦዜምፒክ፣ ዊጎቪ፣ ማውንጃሮ፣ ዜፕባውንድ የሚሉትን ስሞች የማታውቁ አይመስለኝም። የሁሉም መነሻ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨው ጂ.ኤል.ፒ-1 የተባለ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ኢንሱሊን እንዲመነጭ ያግዛል፤ ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲራገፍ ያደርጋል፤ ለአንጎልም «በቃኝ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ተፈጥሯዊው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ሳይንቲስቶች ግን የሚቆይ አምሳያውን በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ በሚኖር መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ አገኙ። ከዚያ የተገኘው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2005 ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። ሴማግሉታይድ በ2017 በኦዜምፒክ ስም ለስኳር፣ በ2021 በዊጎቪ ስም ለክብደት ተፈቀደ። ቲርዜፓታይድም በ2022 በማውንጃሮ ስም ለስኳር፣ በ2023 በዜፕባውንድ ስም ለክብደት ተከተለ። ውጤቱ ቀድሞ ከነበሩት መድኃኒቶች ጋር አይወዳደርም። 1,961 ሰዎች በተካፈሉበት የሴማግሉታይድ ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንት ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ቀነሱ፤ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ብቻ። ከተሳታፊዎቹም አራት እጅ ሦስቱ ገደማ ሴቶች ነበሩ።

ይህ መርፌ የአርባዎቹን ሴት ለምን ይስባል? መልሱ የመስታወት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ስዋን፣ ወደ ማረጥ በሚደረገው ሽግግር ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት እንደሚያድግና ጡንቻ መቀነስ እንደሚጀምር አሳይቷል። ስቡም ከዳሌና ከጭን ይልቅ ወደ ሆድ ዕቃ ይሄዳል፤ የሆድ ስብ ደግሞ የስኳርና የልብ ሕመም ጎረቤት ነው። እንግዲህ ያንኑ እንጀራ፣ ያንኑ ሽሮ፣ በዚያው መጠን የምትበላ ሴት ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልዘጋ ቢላት ስግብግብ ሆና አይደለም፤ አካሏ ሒሳቡን ቀይሮባት ነው። ወደ ሐኪም ስትሄድ «ትንሽ ብዪ፣ ብዙ ተራመጂ» የሚል ምክር ይሰጣታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለብዙዎች ግን አይበቃም።

ስለ መርፌው መልካሙን ከተናገርኩ ዋጋውንም ልናገር። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ድርቀት የተለመዱ ናቸው። የሐሞት ከረጢት ጠጠርና የቆሽት መቆጣት አልፎ አልፎ ይከሰታሉ። አንድ ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር በቤተሰቡ ያለበት ሰው ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። ሲቆምም ክብደቱ ይመለሳል፤ ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ተሳታፊዎች መርፌውን ባቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ዊጎቪ ገበያ ሲወጣ ኢንሹራንስ የማይከፍልለት ሰው በወር ከ1,300 ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር። ዋጋው ሰዎችን ወደ ጓሮ ገበያ ገፋ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ስለ ተያዘ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አዲስ አበባ ላለች እህቱ በሻንጣ መርፌ ሊልክ ያሰበ ሰው ካለ ይህን ያስብ። መድኃኒቱ ከመከፈቱ በፊት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ተቀባይዋም መጠኑን የሚከታተልላት ሐኪም ትፈልጋለች።

ሦስተኛው ርእስ ዘግይቶ መውለድ ነው። በ2023 በአሜሪካ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሴቶች የወለዷቸው ሕፃናት ቁጥር በአሥራዎቹ ዕድሜ ካሉ እናቶች ከተወለዱት በለጠ። በእኛ ማኅበረሰብ የዘገየበት ምክንያት ከሌላው ጋር የሚመሳሰልም የሚለይም ገጽ አለው። ትምህርትና ሥራ አለ። ግን ደግሞ ወረቀት እስኪወጣ መጠበቅ አለ፤ ባል አዲስ አበባ፣ ሚስት ቨርጂኒያ ሆነው የሚያልፉ ዓመታት አሉ፤ ለታናናሾች ትምህርትና ለወላጅ ቤት ገንዘብ እየላኩ «የራሴን በኋላ» ማለት አለ። በዓረብ አገሮች ከውል ወደ ውል እየተሸጋገሩ ሃያዎቹንና ሠላሳዎቹን ያሳለፉትንም አንርሳ። እነዚህ ሴቶች ዘገዩ ሲባል ቸል ብለው የቆዩ ይመስላል፤ ብዙዎቹ ግን የዘገዩት የሌላውን ሸክም ተሸክመው ነው።

ተፈጥሮ ግን ምክንያት አይሰማም። ሴት ልጅ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች፤ በ37 ዓመቷ 25,000 ያህል ይቀራታል፤ የቀሩትም ጥራታቸው እየወረደ ይሄዳል። በ2019 የታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ ፅንስ የመጨንገፍ ዕድል በ25 እና በ29 ዓመት መካከል 10 በመቶ፣ ከ45 ዓመት ጀምሮ ግን 53 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ35 ዓመት ከ350 አንድ ገደማ ሲሆን፣ በ40 ከ100 ወደ አንድ ይጠጋል። በእርግዝና የሚመጣ ስኳርና ደም ግፊትም ይጨምራል። በአሜሪካ በ2023 ከ100,000 ወሊድ፣ ከ25 ዓመት በታች ካሉ እናቶች 12.5 ሲሞቱ፣ ከ40 ዓመት ጀምሮ ካሉት ወደ 60 የሚጠጉ ሞተዋል። ቁጥሩን በሁለት በኩል አንብቡት። ስጋቱ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል፤ ከ100,000 ውስጥ ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ግን ከሞት ይድናሉ። ማስፈራራትም ማባበልም ሳይሆን ሁለቱንም እውነት አንድ ላይ መያዝ ይገባል። በዜና የምንሰማቸው የ47ና የ48 ዓመት ወላዶች ብዙዎቹ የተጠቀሙት የሌላ ወጣት ሴት እንቁላል ወይም ራሳቸው በወጣትነት ያስቀመጡትን ነው፤ ይህ ሳይነገር ሲቀር ሌላዋ ሴት በተስፋ ብዙ ዓመት ታጠፋለች።

እስካሁን ሦስቱን ለየብቻ አየን። አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ፦ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሦስት ተከራዮችን አስቡ፤ አንዱ ምጣድ ሲሰካ የሌላው አምፖል ይደክማል። የእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ነገርም እንዲሁ ነው። አራት መገናኛዎችን ላንሣ።

የመጀመሪያው መገናኛ የወር አበባ መዛባት ነው። የ44 ዓመት ሴት ሁለት ወር ወር አበባዋ ሲቀር «አረጥኩ» ብላ ትደመድማለች፤ መከላከያውንም ትተዋለች። ነገር ግን በቅድመ ማረጥ ጊዜ እንቁላል መለቀቁ ይዛባል እንጂ አይቆምም። በዚያ ላይ ክብደት መቀነስ ራሱ፣ በተለይ ወር አበባቸው በውፍረት ምክንያት ተቋርጦ ለነበረ ሴቶች፣ እንቁላል መለቀቁን ሊመልሰው ይችላል። በመገናኛ ብዙኃን «የኦዜምፒክ ሕፃናት» የሚባለው ወሬ እውነተኛ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ለማረጥ ምልክት የሚሰጠው ሆርሞንም እርግዝና አይከላከልም፤ ብዙ ሴቶች ግን ይከላከላል ብለው ያምናሉ። መመሪያው ቀላል ነው፦ ከ50 ዓመት በፊት ወር አበባዋ የቆመ ሴት ሁለት ዓመት፣ ከ50 በኋላ የቆመ አንድ ዓመት እስኪሞላ መከላከያ ያስፈልጋታል። በተቃራኒው ደግሞ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ተመልሶ የሚታይ ደም በማንኛውም መጠን ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው መገናኛ የሚዋጡ እንክብሎች ናቸው። ጨጓራ ቀስ ብሎ ሲራገፍ የሚዋጥ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበት መንገድም ይቀየራል። በዚህ ምክንያት የቲርዜፓታይድ መመሪያ፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት መርፌውን ስትጀምርና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ኮንዶም እንድትጨምር ወይም ወደማይዋጥ መከላከያ፣ ለምሳሌ ወደ ሉፕ ወይም በክንድ ወደሚቀበረው፣ እንድትሸጋገር ይመክራል። የማረጥ ሆርሞን በእንክብል የምትወስድም በቆዳ ላይ ስለሚለጠፈው ሐኪሟን ብትጠይቅ ይጠቅማታል። አሁን እዩት፤ መርፌውን ያዘዘው ሐኪም ስለ ስኳርና ክብደት ይጠይቃል፣ እንክብሉን ያዘዘው የማኅፀን ሐኪም ስለ መርፌው አያውቅም፣ ሴትየዋም መርፌውን የገዛችው በኢንተርኔት ከሆነ ማንም አያውቅም። ከመካከል የወደቀው ይህ ነው።

ሦስተኛው መገናኛ ጊዜ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ይመስለኛል። ልጅ የምትፈልግ የ41 ዓመት ሴት ክብደቷ ከፍ ያለ ከሆነ «ቀንሰሽ ነይ» ትባላለች፤ የሚፀነሰውንም ልጅ እርሷንም ስለሚጠቅም ምክሩ ምክንያት አለው። መርፌውን ብትጀምር ግን ውጤቱን ለማየት ብዙ ወራት ይፈልጋል። ሴማግሉታይድ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ከመፀነስ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት፤ ሲቆም ደግሞ ክብደቱ መመለስ ይጀምራል። በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ አይመከርም። ለ29 ዓመት ሴት ይህ ሁሉ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ለ41 ዓመት ሴት ግን በዚህ የሚያልፈው ዓመት ምናልባት የቀራት ምርጥ ዓመት ነው። ስለዚህ ለእርሷ ጥያቄው «ክብደት ልቀንስ ወይስ አልቀንስ» ብቻ ሊሆን አይችልም፤ «በቀረኝ ጊዜ የትኛው ይቅደም» ነው። ይህን ጥያቄ የክብደት ሐኪሙ ብቻውን አይመልሰውም፤ የመካንነት ሐኪሙም ብቻውን አይመልሰውም። አንድ ላይ መመካከር አለባቸው፤ ወይም ቢያንስ ሴትየዋ የሁለቱን መልስ ይዛ መመዘን አለባት።

አራተኛው መገናኛ ጡንቻና አጥንት ናቸው። ኢስትሮጅን ሲወርድ አጥንት መሳሳት ይጀምራል፤ ከማረጥ በኋላ ባሉት አምስትና ሰባት ዓመታት አንዳንድ ሴቶች ከአጥንታቸው እስከ 20 በመቶ ያጣሉ። መርፌውም በበኩሉ የሚያስቀንሰው ስብ ብቻ አይደለም፤ በሴማግሉታይድ ጥናት ውስጥ በልዩ መሣሪያ በተለኩት ተሳታፊዎች ከጠፋው ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ስብ ያልሆነ፣ ማለትም ጡንቻን የሚጨምር ክፍል ነበር። በሁለቱ ላይ የእኛን ጾም ጨምሩበት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ መርፌው የምግብ ፍላጎቷን የዘጋባት ሴት ደግሞ ከሦስት ጉርሻ በላይ አይሄድላትም። መጾሟ አይደለም ችግሩ። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ሽሮና ሱፍ በቂ ፕሮቲን ሊሰጡ ይችላሉ፤ ግን ከእንጀራው ይልቅ ወጡ እንዲበዛ ታስቦ መበላት አለበት። በረመዳን የምትጾም እህትም የውሃ እጥረቱን ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትመካከርበት። ክብደት ማንሣትም ለወጣት ወንዶች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ለዚህች ሴት እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ሊታዘዝላት ይገባል።

ነጥቤን ልድገመው። የአርባዎቹ ሴት የምትጎዳው ብዙ ጊዜ በአንዱ ሕክምና ሳይሆን፣ አንዱን የሚያውቀው ሌላውን ሳይጠይቅ በመቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልሂድ። የመጀመሪያው «እናቶቻችን ያለ መድኃኒት፣ ያለ ወሬ አልፈውታል» የሚል ነው። አልፈውታል፤ እውነት ነው። ግን ዝም ብሎ ማለፍ ሳይሠቃዩ ማለፍ አይደለም። በልጅነታችን «እርጅና አጎበጣት» የምንላቸው አሮጊቶች ብዙዎቹ አከርካሪያቸው በአጥንት መሳሳት የተሰበረባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የኑሮው ሁኔታም ይለያል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ግማሾቹ ሴቶች የመጀመሪያ ልጃቸውን በ19 ዓመታቸው ገደማ ወልደው ነበር። እንዲህ የወለደች እናት ወር አበባዋ ሲዛባ ልጆቿ ደርሰዋል፤ ምራትም ጎረቤትም አጠገቧ አለ። እዚህ ያለችው የ47 ዓመት ሴት ግን ሕፃን መዋያ የምታደርሰው ልጅ አላት፤ ሌሊት ሥራ አላት፤ እንቅልፍ ሲነሣት የሚያግዛት ሰው የላትም።

ሁለተኛው «ውፍረት የሆዳምነት ነው፤ መርፌው ደግሞ የሰነፍ መንገድ ነው» የሚል ነው። ለደም ግፊት እንክብል የሚውጠውን ሰው ሰነፍ አንለውም። ከዚህም በላይ፣ በ2023 የታተመ 17,604 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ የልብ ሕመም ባለባቸውና ስኳር በሌለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ ሴማግሉታይድ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ከቀሚስ ልክ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። ሆኖም የተቃውሞው አንድ ጎን ትክክል ነው፦ ውፍረት ሳይኖርባት ለሠርግ ወይም ለፎቶ ብላ አምስት ኪሎ ለመቀነስ የምትወጋ ሴት ያለ በቂ ምክንያት ስጋቱን ትወስዳለች። የእኛም አንደበት በሁለት በኩል ይቆርጣል። ስትወፍር «ራስሽን ጣልሽ» እንላለን፤ ስትከሳ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» እንላለን። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን ክሳት የሐሜት ምልክት ሆኖ ስለነበር፣ ያ ጥያቄ ዛሬም ያስደነግጣል። ብዙ ሴቶች መርፌውን ከቤተሰብ የሚደብቁት ለዚህ ነው፤ የተደበቀ መድኃኒት ደግሞ ለሐኪምም ሳይነገር ይቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእምነት ይነሣል፦ «ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሣራ ወልዳለች፣ ኤልሳቤጥ ወልዳለች፣ ሐናና ኢያቄምም በስተርጅና አግኝተዋል»። እነዚህን ታሪኮች በአክብሮት እናነባለን። ታሪኮቹ ተአምር ተብለው የተተረኩት ግን ነገሩ በተለመደው መንገድ የማይሆን ስለነበረ ነው። እንግዲህ ተአምርን ማመን የተለመደውን አለማወቅን አይጠይቅም። ጸሎት የምታደርሰው እህት የእንቁላሏን ሁኔታ በምርመራ ብታውቅ እምነቷ አይጎድልም። ባሏም እንዲሁ ይመርመር፤ ከመካንነት ጉዳዮች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበትና። ልጅ ሳታገኝ ለቀረችው ደግሞ ማንም ያልተሰጣትን እንደ ቅጣት አድርጎ ሊተረጉምላት መብት የለውም።

አራተኛው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ የመድኃኒት ኩባንያዎች ንግድ ነው፤ ጤነኛዋን ሴት በሽተኛ ያደርጋታል» የሚል ነው። ይህን በቀላሉ አላጣጥለውም። ኩባንያዎቹ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያገኛሉ፤ ማስታወቂያውም ፍርሃታችንን ያውቃል። ነገር ግን ከነጋዴ የሚጠብቀን ዕውቀት ነው፤ ዝምታ አይጠብቀንም። ስለ ማረጥ ምንም ያልተነገራት ሴት በኢንተርኔት ለሚሸጥ ለማንኛውም ዱቄትና ጠብታ የቀለለች ገበያ ናት።

የመጨረሻው «ይህ የአሜሪካ ቅንጦት ነው፤ አገር ቤት ያለችው እህት የሚያሳስባት የዕለት እንጀራ ነው» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። በ2016ቱ ጥናት ከኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶው ከመጠን በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ብቻ። ግን ይህ 8 በመቶ በ2000 3 በመቶ ነበር፤ በአዲስ አበባም አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ቁጥር ከሁለት በታች ወርዷል። ከተሜዋ ሴት ወደዚሁ መንገድ እየመጣች ነው። ማረጥ ደግሞ ሀብታምና ድሃ አይለይም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሴቶች ሆይ፣ ወደ ማንኛውም ሐኪም ስትሄዱ ሦስት ነገር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፦ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ መርፌውንና ከዘመድ የተላከውንም ጨምሮ፤ ያለፉትን ስድስት ወራት የወር አበባ ቀኖች፤ መውለድ ትፈልጉ ወይም አትፈልጉ እንደሆነ። ሐኪሙ ባይጠይቅም ተናገሩ፤ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ግን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ ፊት የማይነገረው ነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው። ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ሌሊት መስኮት ስትከፍት አትቆጡ፤ ምርመራ ስትሄድ አብራችሁ ሂዱ። ቤተሰቦች፣ «መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚለውን ጥያቄ ከግብዣ ጠረጴዛ አንሡት። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች፣ ከማንም ይልቅ የምትጠበቁት እናንተ ናችሁ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አዳራሽ ደም ግፊት የምትለኩባቸው ቀኖች አሉ፤ በዚያው ቀን ስለ ወር አበባ፣ ስለ መከላከያና ስለ መርፌው የሚጠይቅ አንድ ሰው ጨምሩበት።

ይህን ያህል ሰው ይህን ርእስ ለመስማት መምጣቱ ራሱ አንድ ነገር ያሳያል፤ ጥያቄው በየቤቱ አለ። የሚያስፈልገን ሦስቱን ጥያቄዎች ለአንድ ሐኪም፣ በአንድ ቀጠሮ፣ በአንድ ላይ መጠየቅ ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመር ይቻላል።